ስለሌለው 31 ደቂቃ፦ ለርቀትና ለበረራ ጊዜ ማስያ አዘጋጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለከተሞች የርቀትና የበረራ ጊዜ ማስያ አዘጋጆች፣
ለአየር ጉዞ መርሐ ግብር አውጪዎችም ጭምር፣
በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ በሁለት ከተሞች መካከል ስላለው 412.37 ኪሎ ሜትርና ስለሌለው 31 ደቂቃ

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ሠላሳ ዓመት በቅየሳ ሥራ ቆይቼ በጡረታ የተሰናበትኩ ሰው ነኝ። ሥራዬ ሁለት ነጥቦችን መርጦ በመካከላቸው ያለውን መለካት ነበር። ቁጥር አያስደነግጠኝም፤ እንዲያውም ሰው ከሚናገረው ይልቅ ቁጥር የሚናገረውን ማመን ይቀናኛል። የተታለልኩትም በዚሁ አመሌ ነው።

ታናሽ እህቴ የምትኖረው በሌላ የክፍለ ሀገር ከተማ ነው። ባለፈው ዓመት ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት ቀን ተቆርጦላት ነበር። ቀጠሮዋ ከቀትር በኋላ ስለሆነ «ወደ ክፍሉ ከመግባትሽ በፊት አጠገብሽ እገኛለሁ» አልኳት። ቃል ከመስጠቴ በፊት እንደ ልማዴ ለካሁ፤ ማለትም ከእናንተ ማስያዎች አንዱን ከፍቼ የሁለታችንን ከተሞች ስም ጻፍኩ። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ርቀት 412.37 ኪሎ ሜትር፤ የበረራ ጊዜ 31 ደቂቃ።» ከሥሩ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው በቀጭን ቅስት መስመር ላይ ትንሸራተታለች። ሠላሳ አንድ ደቂቃ! ጸጉሬን የሚቆርጠኝ ሰው እንኳ ከዚያ የበለጠ ያስቀምጠኛል። ለእህቴም ደውዬ «በ31 ደቂቃ ከች እላለሁ» ብዬ ቀለድኩ።

በዋዜማው ትኬት ልቆርጥ ስሄድ ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ልጅ ጥያቄዬን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያም በትሕትና «አባባ፣ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቀጥታ በረራ የለም፤ እኔ እስከማውቀው ኖሮም አያውቅም» አለችኝ። የሚቻለው ወደ ዋናው ከተማ መብረር፣ እዚያ መጠበቅ፣ ከዚያ ደግሞ በሌላ አውሮፕላን ወደ እህቴ ከተማ መመለስ ነበር። «መመለስ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዋናው ከተማ የሚገኘው በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሆነ በመጀመሪያው በረራ ከእህቴ እየራቅኩ ሄድኩ። በመኪና ልሂድ ብል ደግሞ በመካከላችን ሐይቅና ገደል አለ፤ መንገዱ ሁለቱንም ዞሮ ያን 412 ኪሎ ሜትር 690 አድርጎታል። ከቤቴ ስወጣ ገና አልነጋም ነበር። የእህቴን ክፍል በር ስከፍት ውጭው ጨልሟል። በሰዓቴ 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሆኗል። እህቴ ከማደንዘዣው ነቅታ ነበር። አየችኝና በደከመ ድምፅ «31 ደቂቃው አለቀ?» አለችኝ።

ጥፋቱ የእኔም እንደሆነ አውቃለሁ። ትኬት ሳልቆርጥ ቃል መግባት አልነበረብኝም። ሆኖም ወደ ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ ያቺን 31 ገልብጬ አየኋት። 412.37 ኪሎ ሜትር፣ በሰዓት 805 ኪሎ ሜትር ሲካፈል 31 ደቂቃ ይሆናል። 805 ኪሎ ሜትር ደግሞ 500 ማይል ነው። ምስጢሩ ይኸው ነው። አንድ ሰው አንድ ቀን 500 የምትል ድፍን ቁጥር መረጠ፤ ከዚያ ወዲህ በማስያው ውስጥ ያሉ አውሮፕላኖች ሁሉ በዚያች ፍጥነት ከመሬት ይነሳሉ፣ በዚያችው ፍጥነት ይበራሉ፣ በዚያችው ፍጥነት መሬት ይነካሉ። አንዳንዶቻችሁ ለመነሻና ለማረፊያ ብላችሁ 30 ደቂቃ ትጨምራላችሁ። ያን ለሚያደርጉት ምስጋናዬን አስቀድማለሁ፤ ቢያንስ አውሮፕላን መሬት ላይ እንደሚነዳ ያውቃሉ።

ስለ ርቀቱ ልጀምር፤ ሙያዬ እርሱ ነውና።

በሁለት ከተሞች መካከል ያለ ርቀት ተራ ነገር አይደለም። የሰው ልጅ የምድርን ትልቅነት ያወቀው በሁለት ከተሞች መካከል ያለውን ርቀት ይዞ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ምዕተ ዓመት ግሪካዊው ሊቅ ኤራቶስቴንስ በእስክንድርያ ሆኖ፣ በደቡብ ባለችው በሲዬኔ (በዛሬዋ አስዋን) የበጋው ረጅም ቀን ፀሐይ በቀትር ቀጥ ብላ አናት ላይ እንደምትቆም ያውቅ ነበር። በእስክንድርያ ግን በዚያው ሰዓት ጥላ አለ። የጥላው ማዕዘን የክብ 50ኛ እጅ ሆኖ አገኘው። በሁለቱ ከተሞች መካከል 5,000 ስታዲየም (የጥንት የርቀት መለኪያ ነው) አለ ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ በ50 አባዝቶ የምድር ዙሪያ 250,000 ስታዲየም ነው አለ። ያችን 5,000 ለማግኘት እርምጃቸውን እየቆጠሩ የሚለኩ የንጉሥ ቀያሾች በእግራቸው እንደተጓዙ ይነገራል። ሁለቱ ከተሞች በአንድ ኬንትሮስ ላይ እንዳልሆኑ፣ በመካከላቸውም በቀጥታ መስመር 840 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዳለ ዛሬ እኔም እናንተም በሰከንድ እናሰላዋለን። የዚያ የእግረኛ ቀያሽ ቁጥር ግን ስህተቱን ይዞም ቢሆን ምድርን ለካ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ሜትር ራሱ ከሁለት ከተሞች መካከል ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1792 ሁለት ፈረንሳውያን፣ ዣን ባፕቲስት ደላምብርና ፒየር ሜሼን፣ ከደንከርክ እስከ ባርሴሎና ያለውን የኬንትሮስ መስመር ለመለካት ወጡ። ከዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት 10,000,000ኛ እጁ «ሜትር» እንዲባል ታስቦ ነበር። ሥራው በአብዮትና በጦርነት መካከል እስከ 1798 ዘለቀ። ሜሼን በባርሴሎና በከዋክብት የወሰዳቸው ሁለት ልኬቶች ሊገጥሙለት አልቻሉም። ልዩነቱ በምድር ላይ ሲመነዘር 100 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ሥራ ውስጥ 100 ሜትር! ሰውየው ግን ልዩነቱን ሸሸገ፤ መሸሸጉም ዕረፍት ነሳው። ጉድለቱን ሊያስተካክል ልኬቱን ወደ ደቡብ ለማስቀጠል ወደ ስፔን ተመልሶ ሄደና በ1804 በዚያው በቢጫ ወባ ሞተ። የደበቀውን ያወቀው ከሞተ በኋላ ወረቀቶቹን የመረመረው ደላምብር ነው።

ይህን የተረኩላችሁ ላስለቅሳችሁ ብዬ አይደለም። በ100 ሜትር ምክንያት እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበረ፤ እናንተ ደግሞ «412.37» ብላችሁ ስትጽፉ የመጨረሻዋ 7 «እስከ አሥር ሜትር ድረስ አውቃለሁ» ማለት እንደሆነች አታስተውሉም።

አታውቁም። ብዙዎቻችሁ የምትጠቀሙት ሀቨርሳይን የሚባለውን ቀመር ነው። ቀመሩ ምድርን 6,371 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ ያላት ፍጹም ድቡልቡል ኳስ ያደርጋታል። ምድር ግን ዋልታዎቿ ላይ ጠፍጠፍ ያለች ናት። ከመካከሏ እስከ ምድር ወገብ 6,378.137 ኪሎ ሜትር፣ እስከ ዋልታ 6,356.752 ኪሎ ሜትር ነው፤ ልዩነቱ 21 ኪሎ ሜትር ይሞላል። በዚህ የተነሳ የኳሱ ቀመር እስከ ግማሽ በመቶ ሊስት ይችላል። ከ412 ኪሎ ሜትር ግማሽ በመቶ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። በሁለት ኪሎ ሜትር ሊስት የሚችል ቀመር በአሥር ሜትር ሲምል መስማት ለጆሮ ይከብዳል። መድኃኒቱ ከጠፋ ደግሞ ባላልኩ። ታዴየስ ቪንሰንቲ ጠፍጣፋነቷን የሚያስገባውን ቀመሩን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ በሚሊሜትር ደረጃ ትክክል ነው፤ ኮምፒውተራችሁም ሳይደክም ያሰላዋል።

ነገር ግን ቀመሩን ብታስተካክሉት እንኳ ሌላ ጥያቄ ይጠብቃችኋል፦ ከየት እስከ የት? ከተማ ነጥብ አይደለም። እኛ ቀያሾች መለኪያውን ከመትከላችን በፊት መሬት ላይ ችካል እንመታለን፤ ችካል የሌለው ልኬት ወሬ ነው። የእናንተ ችካል የት ነው ያለው? አንዳንዱ ማስያ ከማዘጋጃ ቤቱ ይነሳል፣ አንዳንዱ ከከተማው ወሰን መካከል፣ አንዳንዱ ከአየር ማረፊያው። ይህ የኪሎ ሜትር ሽርፍራፊ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። የጃፓኑ ናሪታ አየር ማረፊያ ከቶኪዮ መካከል 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በጀርመን የፍራንክፈርትን ስም የተሸከመው የሃን አየር ማረፊያ ከፍራንክፈርት ከተማ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ነው። አጭር በረራ ላይ ይህ ርቀት ከበረራው የበለጠ ጊዜ ሊበላ ይችላል፤ እናንተ ግን ስለ እርሱ አንዲት መስመር አትጽፉም።

የመኪና መንገድ ርቀት የምትጨምሩትም ብትሆኑ ጥንቃቄ አይጎዳችሁም። በፔሩ የአማዞን ደን ውስጥ ያለችው ኢኪቶስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የሚኖርባት ትልቅ ከተማ ናት፤ ከተቀረው አገር ጋር የሚያገናኛት መንገድ ግን የለም፤ የሚኬድባት በወንዝ ወይም በአየር ነው። ቀጥታውን ርቀት በአንድ ነጥብ ምናምን አባዝቶ «በመኪና ይህን ያህል» የሚል ማስያ እንዲህ ያለችው ከተማ ላይ ሲደርስ መኪናውን ወንዝ ውስጥ ይከተዋል።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ፤ የሚያናድደኝ ይበልጥ እርሱ ነው።

ከደቡብ ኮሪያው ጊምፖ አየር ማረፊያ እስከ ጄጁ ደሴት ያለው መስመር በዓለም ላይ እጅግ ብዙ መንገደኛ ከሚመላለስባቸው አንዱ ነው። ርቀቱ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከእኔና ከእህቴ ብዙም አይለይም። በእናንተ አካፋፈል 34 ደቂቃ ይሆናል። አየር መንገዶቹ በመርሐ ግብራቸው የሚጽፉት ግን 70 ደቂቃ ያህል ነው። በዚያ መስመር በቀን በርካታ በረራ ስለሚደረግ አሠራሩን አያውቁትም አይባልም። ታዲያ 36ቱ ደቂቃ የት ገባ?

መሬት ላይና በዝግታ አየር ውስጥ ገባ። አውሮፕላን ከመቆሚያው ሲነቀል ሰዓቱ መቆጠር ይጀምራል፤ ወደ ማኮብኮቢያው ይነዳል፤ ከፊቱ ሦስት አውሮፕላኖች ካሉ ወረፋ ይይዛል። ማኮብኮቢያው የሚመረጠው በነፋሱ አቅጣጫ ስለሆነ አውሮፕላኑ የሚነሳው ወደሚሄድበት ሳይሆን ነፋሱ ወደሚመጣበት ነው። ወደ ደቡብ የሚሄድ መንገደኛ ወደ ሰሜን ተነስቶ አየር ላይ ሊዞር ይችላል። ከተነሳ በኋላም በብዙ አገሮች ከ10,000 ጫማ (ከ3,000 ሜትር ገደማ) በታች በሰዓት ከ250 የባሕር ማይል በላይ አይበርም። ይህም በሰዓት 463 ኪሎ ሜትር ነው፤ 805 አይደለም። መውረዱም ረጅም ነው። የተለመደው የአወራረድ ማዕዘን ሦስት ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ በ35,000 ጫማ ላይ ያለ ጄት ከማረፊያው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ቁልቁል ማለት ይጀምራል። አስቡት፦ ከ412 ኪሎ ሜትር ውስጥ 200ው ለመውረድ ከሆነ፣ ከቀረውም አብዛኛው ለመውጣት ከዋለ፣ ያቺ ሙሉ ፍጥነታችሁ መቼ ትደረሳለች? አብራሪው ከፍታውን ጨርሶ ሳያጣጥመው ይወርዳል። ለዚህ ነው በአጭር መስመር ላይ አየር መንገዶች ከነጭራሹ ያን ያህል ከፍ የማይሉት።

ከዚህም ሌላ በክፍለ ሀገር ከተሞች መካከል የሚበረው አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ጄት አይደለም። ባለፕሮፔለሩ ኤቲአር 72 በሙሉ ፍጥነቱ በሰዓት 510 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ዳሽ 8 ኪው400 ፈጠን ይላል፣ 660 አካባቢ ይደርሳል። በ805 ያካፈላችሁትን መስመር በ510 ብታካፍሉት ከ31 ወደ 49 ደቂቃ ያድጋል፤ ይህም ገና መቆሚያው፣ ወረፋው፣ መዞሩ ሳይታሰብ ነው። የአውሮፕላኑን ዓይነት ሳያውቁ የበረራ ጊዜ መናገር፣ ተጓዡ በፈረስ ይሂድ በበቅሎ ሳይጠይቁ የመድረሻ ሰዓት እንደመንገር ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምርና ይህን ልተው። በስኮትላንድ ሰሜን፣ በኦርክኒ ደሴቶች፣ ከዌስትሬይ ወደ ፓፓ ዌስትሬይ የሚደረገው መደበኛ በረራ በዓለም አጭሩ ነው፤ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል። በመርሐ ግብሩ 2 ደቂቃ ተይዞለታል፤ ነፋሱ ሲመች በ53 ሰከንድ የተጠናቀቀበት ጊዜም አለ። ክብረ ወሰኑ መሆኑ ነው። የእናንተ ማካፈያ ግን 12 ሰከንድ ይላል። በእናንተ ማስያ አውሮፕላኑ ለመነሳት ሳይንደረደር ይደርሳል።

ነፋስንም አታውቁትም። «ሲሄድ ከኋላ ይገፋዋል፣ ሲመለስ ከፊት ይገታዋል፣ ይጣጣላል» ትሉ ይሆናል። አይጣጣልም። 600 ኪሎ ሜትር የሚርቁ ሁለት ከተሞችን፣ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላንና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ውሰዱ። ነፋስ ባይኖር ደርሶ መልሱ 120 ደቂቃ ነበር። በነፋሱ ሲሄድ በ700 ይበርና 51 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጅበታል፤ ሲመለስ በ500 ይበርና 72 ደቂቃ። ድምሩ ከ123 ደቂቃ ይበልጣል። ነፋስ የወሰደውን ሁሉ የማይመልስ ተበዳሪ ነው። የእናንተ ማስያ ግን ከሀ ወደ ለ እና ከለ ወደ ሀ አንድ ዓይነት ደቂቃ ይሰጣል፤ ይህም በየትኛውም የአየር መንገድ መርሐ ግብር ላይ ብዙ ጊዜ የማይታይ ነገር ነው።

በረጅም መስመር ላይማ ጉዳዩ ሌላ ነው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ከፍ ብሎ የሚነፍሰውን ጄት ስትሪም የሚባለውን ኃይለኛ ነፋስ በልኬት ቀድሞ ያገኘው ዋሳቡሮ ኦይሺ የሚባል ጃፓናዊ የአየር ጠባይ ባለሙያ ነው፤ በ1920ዎቹ ፊኛ ወደ ሰማይ እየለቀቀ። ግኝቱ በዓለም እንዲነበብለት ብሎ እ.ኤ.አ. በ1926 ሪፖርቱን ያሳተመው በኤስፔራንቶ ነበር፤ ስለዚህ ያነበበው ጥቂት ሰው ብቻ ሆነ። (ትክክለኛ ቁጥር ይዞ በማይነበብ ቋንቋ የጻፈውን ሰው፣ ሁሉ በሚያነበው ቋንቋ ባዶ ቁጥር ከሚጽፈው ጋር ማወዳደር ያስደስተኛል።) በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ይኸው ነፋስ በማዕበል ቀን ከኋላው ገፍቶት ከኒው ዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገባ። በሌላ ቀን መንገዱ ከ6 ሰዓት በላይ ይፈጃል።

መስመሩ ራሱም ቀጥ ብሎ አይሄድም። አየር መንገዶች በቲቤት አምባ ላይ ማለፍ አይወዱም። በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢያመልጥ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ መውረድ ያስፈልጋል፤ በዚያ አገር ግን መሬቱ ራሱ ከዚያ በላይ ነው። ከየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. በኋላ የሩሲያ ሰማይ ለብዙ የአውሮፓ አየር መንገዶች ሲዘጋ ደግሞ ከሄልሲንኪ ወደ ቶኪዮ 9 ሰዓት ያህል ይፈጅ የነበረው በረራ ወደ 13 ሰዓት ረዘመ። ከተሞቹ አንድ ሜትር እንኳ አልተራራቁም። በእናንተ ማስያ ላይም አንድ ደቂቃ አልተጨመረም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን ይቅር ሊባል ይችላል። ግምት ግምት ነው፤ 31 ያላችሁት 70 ቢሆን 39 ደቂቃ ዘግይቼ እህቴ ዘንድ እደርስ ነበር። ይቅር የማልለው የሚከተለውን ነው።

አንድ አገር 20 አየር ማረፊያ ያላቸው ከተሞች አሏት እንበል። ከእነዚህ ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ብታጣምሩ 190 ጥንድ ይወጣል። አሁን ደግሞ አየር መንገዷ እንደ ብዙዎቹ በረራዎቿን ሁሉ በዋናው ከተማ በኩል የምታሳልፍ ናት እንበል። የሚያስፈልጓት 19 መስመሮች ብቻ ናቸው። የቀሩት 171 ጥንዶች ቀጥታ በረራ የላቸውም። የእናንተ ማሽን ግን 190ውንም ያትማል፤ ለ190ውም ደቂቃ ይሰጣል፤ በ190ውም ላይ ያቺን ትንሽ አውሮፕላን ያንሸራትታል። ይህ ማለት ከአሥሩ ዘጠኙ ስለሌለ በረራ የሚናገር ነው ማለት ነው። ከተማዎቹ ትንንሽ በሆኑ መጠን ውሸቱ ይበዛል፤ ምክንያቱም ዋናው ከተማ ያለባቸው ጥንዶች ጥቂት ናቸው፤ የክፍለ ሀገርና የክፍለ ሀገር ጥንዶች ግን ብዙ።

አየር መንገዶቹን በዚህ አልወቅስም፤ ስሌታቸው ይገባኛል። በአንድ ቀን ከእኔ ከተማ ወደ እህቴ ከተማ መሄድ የሚፈልጉ አሥራ ሁለት ሰዎች ቢገኙ፣ ለእነዚህ 70 መቀመጫ ያለው አውሮፕላን ማስነሳት ኪሳራ ነው። በዋናው ከተማ በኩል ካለፍን ግን አሥራ ሁለታችን ወደ ሌሎቹ 18 ከተሞች ከሚሄዱት ጋር ተቀላቅለን አውሮፕላኑን እንሞላለን። አውሮፕላኑም ማታ የሚያድረው መካኒኩና መለዋወጫው ባለበት ነው። ይህ ክፋት የለበትም። ክፋቱ ያለው የሌለውን እንዳለ አድርጎ መጻፍ ላይ ነው። እኔ በሙያዬ ወንዝ በሌለበት ወንዝ ስዬ ቢሆን ኖሮ ካርታውን የሚፈርምልኝ አልነበረም።

«ማስያው የሚለው ‘ቢበር ኖሮ’ ነው» ልትሉኝ እንደምትችሉ አውቃለሁ። እንግዲያው «ቢበር ኖሮ» ብላችሁ ጻፉት። ሁለት ቃል ነው። ያቺን ሁለት ቃል አንብቤ ቢሆን ኖሮ ትኬቴን ከሳምንት በፊት እቆርጥ፣ ከዋዜማው ተነስቼ በዋናው ከተማ አድሬ በማግስቱ በሰዓቱ እደርስ ነበር። መፍትሔው ነበር፤ የጎደለኝ መፍትሔ እንደሚያስፈልገኝ ማወቁ ነው።

መርሐ ግብር አውጪዎችን በራስጌው ላይ የጠራኋችሁ በከንቱ አይደለም፤ አጭር ጉዳይ አለኝ። የምትጽፉት ጊዜ ከመቆሚያ እስከ መቆሚያ መሆኑ ትክክል ነው፤ በዚህ ከማስያዎቹ በብዙ ትሻላላችሁ። ግን «በሰዓቱ ደረሰ» ለመባል በላዩ ላይ ደቂቃ እንደምትደርቡበት እናውቃለን። በአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የአየር መንገዶችን ሰዓት አክባሪነት ያትማል፤ ከ15 ደቂቃ በታች የዘገየ እንደ ሰዓቱ ይቆጠራል። ዳርቻው ሲበጅ ቁጥሩ ወደ ዳርቻው መጠጋቱ አይቀርም። ቀድሞ ደርሶ መቆሚያ እስኪለቀቅለት መስኮት ለመስኮት ከሚያፋጥጠን አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠን «20 ደቂቃ ቀድመን ደርሰናል» የሚል ደስታ ስንሰማ ከየት የመጣ 20 ደቂቃ እንደሆነ ይገባናል። ለጊዜው የምጠይቀው መነሻውንና መድረሻውን በየከተማው ሰዓት ስትጽፉ ጠቅላላውን የጉዞ ጊዜ ከጎኑ እንድታኖሩት ነው። ከማድሪድ ወደ ሊዝበን የሚሄድ ሰው ሰዓቱ ወደኋላ አንድ ሰዓት ስለሚመለስ ትኬቱን አይቶ በ20 ደቂቃ የሚደርስ ሊመስለው ይችላል። ይህን ያህል ተላላ ሰው የለም እንዳትሉ፤ እኔ አለሁ።

ወደ ማስያ አዘጋጆች ልመለስ። የምለምናችሁ ብዙ ወጪ የለበትም። መጀመሪያ፣ ከርቀቱም ከደቂቃውም በፊት፣ ቀጥታ በረራ መኖር አለመኖሩን ጻፉ። የማታውቁ ከሆነ አውሮፕላኗን አትሳሏት፤ መስመሩን ብቻ ተዉልን። ርቀቱን «በቀጥታ አየር መስመር፣ ከአየር ማረፊያ እስከ አየር ማረፊያ» ብላችሁ ችካሉን አሳዩን፤ ከነጥብ በኋላ ያሉትን ቁጥሮች ደግሞ ጣሉልን፤ «412» ይበቃናል፤ ለእህቱ ብሎ ለሚሮጥ ሰው «ከ400 ትንሽ በላይ» እንኳ ይበቃዋል። ደቂቃውን መስጠት ካለባችሁ ለአጭር መስመር የባለፕሮፔለሩን፣ ለረጅሙ የጄቱን ፍጥነት ያዙ፤ በመሬት ላይ የሚጠፋውን ጨምሩ፤ ከጎኑም ስህተቱን አኑሩ። እኛ በመስክ ደብተራችን ላይ ከእያንዳንዱ ልኬት አጠገብ «ሲደመር ሲቀነስ ይህን ያህል» ብለን እንጽፍ ነበር። አለቃዬ የነበረው ሰው ያ ያልተጻፈበትን ገጽ ያለ ቁጣ ቀዶ ይመልስልን ነበር። የእናንተን ገጾች ቢያይ ወረቀት አይበቃውም።

ቢቻላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልመኝ። በሁለቱ ከተሞች ስም ሥር እውነተኛውን ጉዞ ጻፉት፤ የት እንደሚቀየር፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠበቅ፣ የመጨረሻው ተያያዥ በረራ መቼ እንደሚነሳ። ይህ ከባድ ሥራ መሆኑን አልስትም፤ መርሐ ግብር ይለዋወጣል፣ የሚከታተለው ሰው ያስፈልጋል። ካልቻላችሁ ቦታውን ባዶ ተዉት። እኛ ቀያሾች ያልሄድንበትን አገር በካርታው ላይ ነጭ አድርገን እንተወዋለን፤ ተጓዡም ነጩን ሲያይ ጠይቆ ይሄዳል።

እህቴ ድናለች። በመጪው ወር በተራዋ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። መንገዱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባት በስልክ ስትጠይቀኝ ሳቋን እየታገለች ነበር። እኔም ማስያ አልከፈትኩም። ሁለቱን በረራዎች ከመርሐ ግብሩ ገለበጥኩ፤ በመካከል የምትጠብቀውን ሰዓት፣ ከቤቷ እስከ አየር ማረፊያው፣ ከአየር ማረፊያው እስከ በሬ ያለውን ሁሉ ደመርኩና ጻፍኩላት፦ 11 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ ሲደመር ሲቀነስ 1 ሰዓት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ ቀያሽ

ግልባጭ፦
ለእህቴ
«31 ደቂቃው ገና አላለቀም» ለምትለኝ